ሐኪም ከሰፈር ሲማር



የዛሬውን መድረክ ያዘጋጁት ወዳጆቼ «ስለ ቤተሰብ ሐኪሞች ሥልጠና አንድ ነገር በለን» ሲሉኝ ቀድሞ ትዝ ያለኝ በጤና ጣቢያችን በር ላይ የገጠመኝ ነገር ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን «የቤተሰብ ሐኪም» የሚል ባጅ ደረቴ ላይ አንጠልጥዬ ስገባ አንዲት እናት ክንዴን ያዝ አድርገው ወደ ጥግ ሳቡኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የኔ ልጅ፣ እኔ እንኳ ጊዜው አልፎብኛል፤ ልጄ ግን መርፌው አልተስማማትም። ያንን ክንድ ላይ የሚቀበረውን ብታደርግላት» አሉኝ። የቤተሰብ ምጣኔ ባለሙያ መስያቸው ነው። አልፈረድኩባቸውም። በእኛ አገር «ቤተሰብ» እና «ጤና» አንድ ላይ ሲነሱ ለብዙው ሰው ትዝ የሚለው ወይ ቤተሰብ መምሪያ ነው፣ ወይ ምጣኔ። አንዳንዱ ደግሞ በፊልም እንዳየው ቦርሳ አንጠልጥሎ ሀብታም ቤት የሚመላለስ ሐኪም ይመስለዋል። የገዛ እናቴ እንኳ ለጎረቤት ስታስረዳ «ስፔሻሊስት ነው፤ የምን እንደሆነ ግን እሱ ያውቃል» ትላለች።

የምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የልብ ሐኪም ልብን ይመርጣል፣ የሕፃናት ሐኪም ዕድሜን ይመርጣል። የቤተሰብ ሐኪም አይመርጥም። የሦስት ሳምንት ጨቅላ የታቀፈች እናት፣ ግፊታቸው አልወርድ ያለ አዛውንት፣ ፈተና ደርሶባት እንቅልፍ ያጣች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ሁሉም በአንድ ጠዋት በአንድ በር ይገባሉ። ከዚያ ደግሞ ተመልሰው ይመጣሉ። የሙያው ቁም ነገር ይቺ «ተመልሰው ይመጣሉ» የምትለዋ ናት፤ ዛሬ የማወራውም ስለ እሷ ነው።

በአገራችን ይህ ስፔሻሊቲ ገና ወጣት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሦስት ዓመቱን ሥልጠና የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። የቶሮንቶና የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን እየተመላለሱ አግዘዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎችም በ2016 ወጡ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ስንት ተመረቁ የሚለው ሳይሆን የት ተቀምጠው ይማራሉ የሚለው ነው።

አንድ የቆየ ስሌት ላካፍላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1961 ኬር ኋይት የተባለ ሐኪም ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ያወጣው ነው። ከአሜሪካና ከእንግሊዝ መረጃ ሰብስበው አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቁ፤ በአንድ ወር ውስጥ 1,000 አዋቂ ሰዎች ምን ይሆናሉ? 750ው አንድ ዓይነት ሕመም ወይም ጉዳት ይሰማቸዋል። 250ው ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ። 9ኙ ሆስፒታል ይተኛሉ። 5ቱ ወደ ሌላ ሐኪም ይላካሉ። ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚደርሰው አንድ ሰው ብቻ ነው።

እኛ ሐኪሞች ስድስት ሰባት ዓመት የምንማረው በዚያ አንድ ሰው አልጋ ዙሪያ ቆመን ነው። ቁጥሩ የባሕር ማዶ ነው፤ እዚህ ጠበልም አለ፣ ፋርማሲም አለ፣ የጎረቤት ምክርም አለ፤ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው 250 ላይሆን ይችላል። የነገሩ መልክ ግን ያው ነው። ዋርድ ውስጥ ራስ ምታት ማለት ማጅራት ገትር ወይም ዕጢ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ የሚደርሰው ተጣርቶ ተጣርቶ የቀረው ነው። ጤና ጣቢያ የሚመጣው ራስ ምታት ደግሞ የመነጽር፣ የእንቅልፍ፣ የቤት ኪራይ ጭንቀት፣ ሲብስም የግፊት ራስ ምታት ነው። በመቶዎቹ መካከል ግን አንድ ማጅራት ገትር ተደብቆ ይመጣል። ያንን አንዱን ከመቶዎቹ መለየት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ መቶዎቹን ሳያዩ ደግሞ አይማሩትም። እኔ የማሠለጥነው አዲስ ሬዚደንት፣ ማለትም ለስፔሻሊስትነት የሚማር ሐኪም፣ ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያችን ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ላብራቶሪያችን ይጨናነቃል። ያገኘውን ሁሉ ያዝዛል። አልቆጣውም፤ እኔም ያንኑ ነበር ያደረግኩት።

ከሆስፒታል ይዘን የምንመጣው ሌላው ልማድ ቋንቋ ነው። ራውንድ ስንዞር ሲኒየሩ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ተማሪው በእንግሊዝኛ ይመልሳል፣ ታካሚው አልጋው ላይ ሆኖ ፊታችንን ያነባል። ከንግግሩ የሚለየው «ካንሰር» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው፤ እሷን ከሰማ ደግሞ «የለውም» ተብላም ቢሆን ሌሊቱን አይተኛም። እኛ ጋ አንድ ደንብ አለ። ሬዚደንቱ ኬዙን ለእኔ የሚያቀርበው ታካሚው ፊት፣ ታካሚው በሚሰማው ቋንቋ ነው። ታካሚው አማርኛ የማይሰማ ከሆነ ቋንቋውን የሚያውቅ ባለሙያ ይፈለጋል። (ጥበቃው አስተርጓሚ የሆነበት ቀን ነበር፤ አንዲት ሴት ስለ ማህፀኗ ለጥበቃው መናገር ሲያሳፍራት ካየሁ ወዲህ ግን እሱ ቀርቷል።) መጀመሪያ ሲሞክሩት ይንተባተባሉ። ጎበዝ የተባለው ተማሪ «ታካሚዋ ለስድስት ዓመት የታወቀ የ...» ብሎ ይቆማል። በእንግሊዝኛ የሸመደደው ሁሉ ወደ ሰው ቋንቋ ሲዞር ስንቱን በትክክል እንደገባው፣ ስንቱን ደግሞ ስሙን ብቻ እንደሚያውቅ ያን ጊዜ ይታወቀዋል።

የዚህን ደንብ ጥቅም ያሳየችኝ አንድ ጠዋት አለች። ክፍል ሰባት ነው፤ የግፊት መለኪያው መያዣ አልቆ በፕላስተር የሚታሰርበት ክፍል። ሬዚደንቷ በሩን ከፈት አድርጋ ወደ ኮሪደር ወጣችና «ዶክተር፣ አንድ እማማ ናቸው፤ ግፊታቸው 168 በ98 ነው፤ ባለፉት ሦስት ቀጠሮዎችም እንደዚሁ። ሁለተኛ መድኃኒት ልጨምርላቸው ነው» አለችኝ። በመጽሐፉ መሠረት ስህተት የለባትም። «ግቢና እሳቸው ፊት አቅርቢልኝ» አልኳት።

ገባን። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ የቀጠሮ ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል። ሬዚደንቷ ጀመረች። «እማማ ግፊት እንዳለባቸው ከታወቀ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ኢናላፕሪል ጠዋትና ማታ ይወስዳሉ...»

«ኧረ ዛሬ አልወሰድኩም» አሉ እማማ።

«ምነው? አለቀብዎት?»

«ምን ያልቃል! ቀጠሮዬ አይደል እንዴ? በቀጠሮዬ ቀን ወስጄ መጥቼ አላውቅም።»

ሬዚደንቷ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። እማማ ግን ሁለታችንም እንዳልገባን ሲያዩ፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብለው ቀጠሉ። «ወስጄ ብመጣማ ደህና ሆኖ ታገኙትና መድኃኒቱን ትከለክሉኛላችሁ። አንዷ ጎረቤቴ እንደዚያ ነው የሆነችው፤ ደህና ነሽ ብለው መልሰዋት በዓመቷ እጅና እግሯን ያዛት። ሕመሜን ካላያችሁት በምን ታምኑኛላችሁ?»

አራት ቀጠሮ፣ አራት ልኬት፤ አራቱም መድኃኒት ያልተወሰደባቸው ጠዋቶች። ካርዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሁሉ እውነት ነው፤ የሚናገረው ግን እኛ እንደመሰለን ስለ መድኃኒቱ አልነበረም። መድኃኒቱን እንደማንከለክላቸው ቃል ገባንላቸው፤ «በሳምንቱ እንደወትሮው ወስደው ይምጡ» አልናቸው። 138 በ84 ሆኖ ተገኘ። የጨመርነው ክኒን የለም። ኬዙ ኮሪደር ላይ በእንግሊዝኛ ቀርቦ ቢሆን ኖሮ እኔ «ጨምሪ» እላት ነበር፤ እማማም አዲሱን ክኒን ተቀብለው፣ መርቀውን ይሄዱ ነበር። እቤት ሁለቱንም በየቀኑ ሲወስዱ ግፊታቸው ወርዶ አንድ ቀን መጸዳጃ ቤት በር ላይ ቢወድቁ የማን ጥፋት ይሆን ነበር?

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልናገር። ሬዚደንት ሳለሁ የተመደብኩበት አንድ ጤና ጣቢያ ነበር፤ ስሙን ልተወው። እዚያ ሬዚደንት መጣ ማለት ሐኪም ተገኘ ማለት ነበር። ነባሩ ሐኪም ስብሰባ አለው፣ ወርክሾፕ አለው፣ ፈቃድ አለው፤ እኔ ብቻዬን ኮሪደር ሙሉ ሰው አያለሁ። የምጠይቀው ሰው የለም። ያን ሰሞን አንድ የቀን ሠራተኛ ወገቡን አሞት መጣ። ሲሚንቶ የሚሸከም ሰው ወገቤን ቢል ማን ይገረማል? ዳይክሎፌናክ አዘዝኩለት። ካርዱን ገለጥ ባደርግ ከእኔ በፊትም ሌላ ሬዚደንት ያንኑ አዞለት እንደነበር አይ ነበር፤ አልገለጥኩም። ከእኔ በኋላ ሦስተኛው ሬዚደንትም ያንኑ ሊያዝዝ ሲል ያስቆመችው መርፌ ክፍል ያለችው ነርስ ናት። ያለፉትን ሁለቱንም ጊዜ የወጋችው ራሷ ነበረች። «ይሄ ሰውዬ እኮ እየከሳ ነው፤ ሱሪው በገመድ ታስሮ ነው የሚመጣው» አለችው። የአከርካሪ ቲቢ ነበር። ታክሞ ድኗል፤ ወገቡ ግን ትንሽ ጎብጦ ቀርቷል። ሦስት ሐኪሞች አይተነዋል፤ ሦስታችንም ያየነው የመጀመሪያ ቀኑን ነው። ሰውየውን በተከታታይ ያየችው ነርሷ ብቻ ነበረች።

ለዚህ ነው «ተመልሰው ይመጣሉ» የሚለው ወደ ማን እንደሆነ የምጨቀጭቀው። ወደ ሕንፃው ብቻ ከሆነ ዋጋ የለውም። በኖርዌይ በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ሰዎች መረጃ ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት አለ። ከአንድ ሐኪም ጋር ከ15 ዓመት በላይ የዘለቁ ሰዎች ገና አንድ ዓመት ከሆናቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ለድንገተኛ ሕክምና ሆስፒታል የመግባታቸውም ሆነ የመሞታቸው ዕድል በሩብ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በሩብ ያህል ሞት የሚቀንስ ክኒን ቢፈለሰፍ ፋርማሲው በር ላይ ሌሊት ተሰልፈን እናድር ነበር።

እንግሊዞች በሰፈር ሐኪም ሥልጠና ነገር ከእኛ ቀድመው ተቸግረዋል። እ.ኤ.አ. በ1950 ጆሴፍ ኮሊንግስ የተባለ ሐኪም በእንግሊዝ ያሉ የሰፈር ሐኪሞችን ክፍሎች ዞሮ አይቶ የጻፈው ሪፖርት አገሪቱን አሳፍሯል። ያኔ አንድ ሐኪም ከሆስፒታል ወጥቶ ያለ ምንም ተጨማሪ ሥልጠና የሰፈር ሐኪም መሆን ይችል ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1952፣ የጠቅላላ ሐኪሞች ኮሌጃቸውን አቋቋሙ፤ ሥልጠናው በሕግ ግዴታ እስኪሆን ግን እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ጠበቁ። ሠላሳ ዓመት መሆኑ ነው። ዛሬ ሠልጣኙ ከሦስት ዓመቱ ቢያንስ ግማሹን በሰፈር ክሊኒክ ያሳልፋል። አሠልጣኙ ጎበዝ ሐኪም ስለሆነ ብቻ አያሠለጥንም፤ ማስተማርን ራሱን ይማራል። ክሊኒኩም ሠልጣኝ ከመቀበሉ በፊት ይፈተሻል። ሠልጣኙ መጀመሪያ ለአንድ ታካሚ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሰጠዋል፤ እየቆየ ወደ አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ይወርዳል። ታካሚው ሲፈቅድ በቪዲዮ ይቀረጽና ከአሠልጣኙ ጋር ቁጭ ብለው ያዩታል። ራስን በቪዲዮ እንደማየት የሚያሳፍር የለም። አንድ ጊዜ በስልኬ ሞክሬዋለሁ፤ ታካሚዋ ስታለቅስ እኔ ካርዱ ላይ ቀን እጽፋለሁ።

ከእነሱ የወሰድነው ሌላው ነገር ማይክል ባሊንት የሚባል ሐኪም በ1950ዎቹ ለንደን ውስጥ የጀመረው ነው። የሰፈር ሐኪሞችን በክብ አስቀምጦ ስለ በሽታ ሳይሆን ከታካሚያቸው ጋር ስላላቸው ግንኙነት እንዲያወሩ ያደርጋቸው ነበር። አብዝተን የምናዝዘው መድኃኒት ሐኪሙ ራሱ ነው፤ መጠኑን ግን ማንም አያውቀውም ይል ነበር። እኛ ጋ ዓርብ ከሰዓት ቡና ይፈላል። ሕጉ አንድ ነው፤ ስለምትወዱት ታካሚ አይወራም። ስሙን ካርዱ ላይ ስታዩ ሆዳችሁን የሚቆርጣችሁን፣ «ምነው ዛሬ ባይመጣ» ያላችሁትን ሰው አምጡ። ሦስተኛው ቡና ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የታካሚው ሆኖ አይገኝም።

ተማሪን ከሆስፒታል አውጥቶ ሰፈር መውሰድ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የሕዝብ ጤና ነርሷንና ሳኒታሪያኑን በቡድን አድርጎ ጤና ጣቢያ ያሠለጥን ነበር። ጅማ ደግሞ በ1983 ሲቋቋም ትምህርቱን በማኅበረሰቡ ላይ የተመሠረተ አድርጎ ተነሣ፤ ዛሬም ድረስ የታወቀበት ነው። እነዚያ ተማሪዎች የምንጭ ውኃ አጎለበቱ፣ ሽንት ቤት አስቆፈሩ፣ ክትባት ሰጡ። ማኅበረሰቡን ለማወቅ ከዚያ የተሻለ ትምህርት ቤት አልነበረንም። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ጥቂት ከርመው ሄዱ። ማኅበረሰቡን አወቁት፤ ወይዘሮ እገሊትን ግን በሦስተኛው ዓመቷ አላዩአትም።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ሬዚደንቱ ሦስቱን ዓመት በአንድ ጤና ጣቢያ ይመደብ። ሆስፒታል የሚዞርበትን ወራት ይዙር፣ ማዋለድንም ድንገተኛንም ይማር፤ ግን በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰማይ ቢደፋ፣ ወደዚያችው ክፍል ይመለስ። የራሱ ቤተሰቦች ይኑሩት። አንድ የከተማ ጤና ጣቢያ በደረጃው እስከ 40,000 ሰው ያገለግላል፤ ከዚያ ውስጥ፣ እኛ እንደጀመርነው፣ መቶ ቤተሰብ ለአንድ ሠልጣኝ መስጠት ከባድ አይደለም። ከባዱ አሠልጣኙ ነው። ባስተማረበት ቀን የሚያየው ሰው ይቀንሳል፤ ሪፖርቱ ላይ ደግሞ የሚታየው የሰው ቁጥር ነው። «ለምን ቀነሰ?» የሚለው አለቃ አለ፤ «ምን አስተማርክ?» የሚል ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ሁለተኛ ክፍልም ያስፈልጋል። አንዱ ታካሚ ሲመረመር ሌላው ከመጋረጃ ጀርባ ሳል እየሳለ በሚጠብቅበት ክፍል ውስጥ ማንም ሰው ምስጢሩን አይናገርም።

ከክፍሉ ወጥቶ መሄድም አለ። አንድ ስኳር ያለበት፣ በጥበቃ ሥራ የሚተዳደር ታካሚ ነበረን፤ ስኳሩ አልስተካከል ብሎ ካርዱ ላይ «መድኃኒት በአግባቡ አይወስድም» ተብሎ ተጽፎበታል። ሬዚደንቱ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ቤቱ ሄደ። ቤቱ ፍሪጅ የለም። ኢንሱሊኑ የሚቀመጠው ማዶ ባለው ሱቅ ለስላሳ መጠጥ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ሱቁ እሑድ ዝግ ነው፣ ባለቤቱ ክፍለ አገር ከሄደ ደግሞ ሳምንት ይዘጋል። ሰውየው ይህን ለመናገር ያፍር ነበር። ሬዚደንቱ የነገረው ነገር በጣም ቀላል ነው፤ የተጀመረች ብልቃጥ በአዲስ አበባ አየር፣ ፀሐይ በማያገኛት ቀዝቃዛ ቦታ፣ አራት ሳምንት ያህል ከፍሪጅ ውጭ ትቆያለች። ሱቅ የሚቀመጠው ያልተከፈተው ብቻ ነው። ከዚያን ቀን በኋላ ያ ሬዚደንት ካርድ ላይ «በአግባቡ አይወስድም» ብሎ ሲጽፍ አላየሁትም።

ሰዎች «ታካሚዎቹ ተማሪ ሲያያቸው አይቆጡም ወይ?» ይሉኛል። እንጠይቃቸዋለን፤ «ሐኪም እየተማረ ነው፣ ይፈቅዳሉ?» እንላለን። አልፈቅድም ያለ አለ፤ ይከበርለታል። አብዛኛው ግን «ይማር እንጂ! ነገ እናንተ ስታረጁ ማን ሊያክመን ነው?» ይላል። አንድ ጡረተኛ መምህር ይባስ ብለው ሬዚደንቱ ሳንባቸውን አዳምጦ ሲጨርስ «ከኋላ አላየኸኝም፤ ያለፈችው ልጅ ከኋላም ታይ ነበር» ብለው አስደገሙት።

ክፍል ሰባት የነበረችው ሬዚደንት ሦስት ዓመቷን ጨርሳ ባለፈው ሰሞን ተመረቀች። ስትሄድ የመቶ ቤተሰቧን ካርድ አንድ በአንድ እያነሣች ለሚተካት ልጅ አስረከበች፤ ሁለት ከሰዓት ፈጀባት። እማማ ለመሰናበት ድፎ ዳቦ ይዘው መጥተው ነበር። «አንቺ ሄደሽ ደግሞ ይሄን ማን ያስለምደዋል?» አሉ አዲሱን ልጅ በአገጫቸው እየጠቆሙ። ካርዳቸው የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ከአለርጂ በላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ የጻፈችው አለ፤ «በቀጠሮ ቀን መድኃኒታቸውን ወስደው እንደመጡ ሳትጠይቅ አትለካ።»